በባልጩት ቁረጡት

ሱሉልታ ውስጥ፣ ቀጥቃጩ ኦቦ ሊቤ ደጃፍ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ማረሻው የደነዘበት ገበሬ ሁሉ ብረቱን እዚያ ድንጋይ ላይ ያኖርና ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ይላል፤ ሊቤ ወጥቶ ያነሳል። ተስሎ ሲያልቅም እንደዚያው ነው። ከእጅ ወደ እጅ ብሎ ነገር የለም፤ ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ተብሏላ! ከተማዋ በፎቅ ተሞልታለች፣ ለልምምድ የሚወጡ ሯጮች በየማለዳው ውድ ውድ ጫማቸውን አጥልቀው በደጁ ያልፋሉ፣ ድንጋዩ ግን ካለበት ፈቀቅ አላለም።

ሚስቱ ያለምወርቅ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ወናፍ ስትነፋ ያንን ድንጋይ ስታየው ኖራለች። እሱንስ ለመደችው። ያልለመደችው ሌላ ነው። ባሏ በሰው ድግስ ላይ ከሰው ጋር አንድ ትሪ ከቦ ሲበላ አይታ አታውቅም። ምግቡ አጥር ጥግ ድረስ ይላክለታል፤ እሱም «ምን ቸገረኝ» ብሎ ይበላል። እሷን ግን ሁልጊዜ ይቸግራታል፣ እንዲያውም ያንገበግባታል።

የታሪክ መምህሯ ጣቢታ ደጃቸው የመጣችው በግንቦት ነው። ከሆሳዕና ከተማ ተመድባ ከመጣች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ስለሆነ የአገሩን ጉድ አታውቅም። ድንጋዩን አልፋ፣ ዘው ብላ ገብታ፣ ጥላሸት የለበሰውን የሊቤን እጅ ጨበጠች።

«አባባ፣ ብረት የጥንቱን ሰው ኑሮ እንዴት እንደለወጠ ለተማሪዎቹ የምናሳይበት ዝግጅት አለን። ሲቀጠቀጥ በዓይናቸው ይዩት። ያለ እርስዎ ባዶ ነው። ምሳም አብረን እንበላለን።»

ሊቤ አንገቱን ደፋ። «ተይኝ ልጄ» ሊል አፉን ሲከፍት ያለምወርቅ ቀደመችው።

«ይመጣል። ሁለታችንም እንመጣለን» አለች። አብረን እንበላለን የሚለውን ሰምታ እንዴት እምቢ ትበል?

በቀኑ ነጠላዋን አጥባ ሄደች። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ በተዘረጋው ጠረጴዛ ላይ መጀመሪያ የባልጩት ድንጋይ፣ ከዚያ መዳብ፣ ከዚያ ነሐስ፣ መጨረሻ ላይ ብረት ተደርድሯል። ጣቢታ ጥቁሩን ባልጩት አንስታ፣ ሰው በዚህ ሥጋ ይቆርጥ፣ ቆዳ ይፍቅ እንደነበር ነገረቻቸው። ብረት ሲመጣ ግን መጥረቢያው ደን መነጠረ፣ ማረሻው ጠንካራውን መሬት ፈነቀለ፣ እህል ከጎተራ ተረፈ፣ ከተማ ተቆረቆረ። «ይህን ሁሉ ያመጡት እንደ አባባ ሊቤ ያሉ ሰዎች ናቸው» ስትል ተማሪው ግቢውን በጭብጨባ አናጋው።

ሊቤ ከመኪና ባሌስትራ ማጭድ አወጣላቸው። ያለምወርቅ እየነፋች፣ እሱ እየቀጠቀጠ፣ ፍንጣሪው ሲበር ተማሪዎቹ ይጮሃሉ። በዚያ ሁሉ ዓመት ባሏ ሲጨበጨብለት የሰማችው ያን ዕለት ነው፤ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

ከዚያ ምሳ ቀረበ። የወላጆች ኮሚቴው ሰብሳቢ ኦቦ ገርባ ከቤቱ ባስመጣው ቢላ ድፎ ዳቦውን ባርኮ መቁረስ ጀመረ። እንግዳው ሁሉ ትሪ ከቦ ተቀመጠ። ሊቤ እጁን ታጥቦ ወንበር ሊስብ ሲል አንዲት አስተናጋጅ ሁለት ስስ የፕላስቲክ ሳህን ይዛ መጣች።

«ለእናንተ እዚያ ዛፉ ሥር ጥላ አለ። ሳህኑን መመለስ አያስፈልግም፣ ይጣላል።»

እንዲህ ነው ደግነት! ጣቢታ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። «ወንበር አለ እኮ! ምን ማለት ነው?»

«መምህርት፣ አንቺ የአገሩን ወግ አታውቂም» አለ ገርባ ቢላውን ሳያቆም። «ክፋት የለበትም።»

ክፋት የለበትም! ሊቤ ሳህኑን ተቀብሎ ወደ ዛፉ መራመድ ጀምሮ ነበር። የያለምወርቅን አንጀት ያሳረረው ይሄ ነው፤ መናቁ ሳይሆን እግሩ መንገዱን ማወቁ። ፈጠን ብላ ሄዳ ገርባ ፊት ቆመች። ዓይኗ ቢላው ላይ ነው። ከእጀታው ሥር ሁለት ጭረት አለው።

«ኦቦ ገርባ፣ ይህን ቢላ ማን ሠራው?»

ገርባ መቁረሱን አቆመ።

«የሊቤ ምልክት ነው። እሱ ቀጥቅጦ፣ እኔ ነፍቼ! እጃችን የነካውን ሳህን ትጥላላችሁ፣ ዳቦውን በእጃችን ሥራ ትቆርሳላችሁ? በየትኛው ወግ ነው?»

ቢላውን ከዳቦው ላይ መዘዘችና በነጠላዋ ጠቀለለችው። ከዚያ ባልጩቱን ከጠረጴዛው አንስታ ገርባ ፊት ቋ አድርጋ አስቀመጠችው።

«እንኩ። ከቀጥቃጭ በፊት የነበረው ይሄ ነው። በባልጩት ቁረጡት!»

አንድ ተማሪ ሳቀ። ሊቤ «ያለም፣ ተይ» እያለ ተከተላት። ዳቦው ግማሹ ተቆርሶ ግማሹ እንደተደፋ ቀረ፤ ባልጩቱን የሚነካ ጠፋ። ጣቢታ ብቻ በር ድረስ ሮጣ ሸኘቻቸው፣ እያለቀሰች።

በሳምንቱ ዝናቡ ጣለ። ማክሰኞ ጧት ኦቦ ገርባ የደነዘ ማረሻውን ይዞ መጣ። ደጃፉ ላይ ሲደርስ ጎንበስ አለ፤ እንደ ልማዱ ሊያኖር። ድንጋዩ የለም። ያለምወርቅ በዲጂኖ ነቅላ ገደል ከታዋለች፤ በቦታው ጭቃ ብቻ ነው።

«አካም ቡልቴ፣ ያለምወርቅ» ብሎ በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የት ላኑረው?»

«እዚህ» አለችና እጇን ዘረጋች።

ገርባ እጇን አየ። ሰማዩን አየ፤ ደመናው ከእንጦጦ በኩል እየወረደ ነው፣ መሬቱ ደግሞ አይጠብቅም። እሷም እጇን አላጠፈችም። ክንዷ እስኪዝል ቆመች። በመጨረሻ ማረሻውን እጇ ላይ አኖረው፤ ጣታቸው ተነካካ።

ማረሻውን ለሊቤ አቀብላ የገርባን ቢላ አመጣችለት፤ እሱንም በእጁ አስያዘችው። ቀጥላ ራሷ የምትጠጣበትን ጣሳ ውሃ ሞልታ ዘረጋችለት። ገርባ ጣሳውን ይዞ አመነታ።

«ይጠጡ ኦቦ፣ አይዞዎት» አለች። «እኛ ቤት ሰው የጠጣበት አይጣልም።»