ሁለት ደቂቃ ከሃምሳ አንድ

አማቴ እኔን ለሰው ሲያስተዋውቁ «የልጄ ሚስት» ይላሉ እንጂ ስሜን ጠርተው አያውቁም። የእሳት አደጋ መከላከያ ቴክኒሻን ለመሆን ሁለት ዓመት ተምሬ፣ ፈተናውን ሁለቴ ወድቄ በሦስተኛው ሳልፍ፣ ሰው በተሰበሰበበት ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «እሳቱ እሷ ራሷ ናት፤ እሷን ማን ሊያጠፋት ነው?» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ባሌም ሳቀ። እኔ ጥርሴን ነክሼ ሳህን አነሳሁ። አንቱታው እስከ ዛሬ ምላሴ ላይ አለ፤ ከሆዴ ግን ከወጣ ቆይቷል።

ዘጠኝ ዓመት በሁለት ክፍል ቤት አብረን ኖርን። ባሌ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ወሩን ሙሉ መንገድ ላይ ነው የሚያሳልፈው። በመጨረሻ የእኛ ጭቅጭቅ ሲሰለቸው እናቱን ከሰፈራችን ብዙም ወደማይርቅ የአረጋውያን መኖሪያ አስገባቸው። እፎይ አልኩ። እፎይታዬ ግን ሳምንት አልቆየም። ለካ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የተሰጣቸው ክፍል መስኮቱ ልጆቼ ከትምህርት ቤት የሚመለሱበትን መንገድ ያያል። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መስኮቱን ከፍተው ይጠብቋቸዋል። ልጆቹ ከታች ሆነው ውሏቸውን ያወራሉ፣ እሳቸው ከላይ ከረሜላ ይወረውራሉ። ቤት ሲደርሱ ወሬው አልቋል። እንዴት ዋላችሁ ስላቸው ደህና ብለው ያልፉኛል። አንድ ቀን ትንሿ ልጄ፣ አያቴ በዓለም ላይ ካለው ሁሉ የምትወደው ያንን መስኮት ነው አለችኝ። በሆዴ ያዝኩት።

በዚያው ዓመት የመኖሪያው የእሳት አደጋ ምርመራ ለእኔ ተደለደለ። ስልጠና ላይ የመጀመሪያው ቀን የመጀመሪያው ትምህርት፣ ዘመድ ያለበትን ቤት አትመርምሩ የሚል ነው። ቅጹም ይጠይቃል፦ በተቋሙ ውስጥ ዘመድ አለዎት? ዓይኔን በጨው አጥቤ «የለኝም» ብዬ ጻፍኩ፤ ያስገባቸው ባሌ ነው፣ እኔን እዚያ የሚያውቀኝ የለም።

ሥራዬን አውቃለሁ፤ በዚህ ማንም አያማኝም። ጠዋት ገብቼ የእሳት ማጥፊያዎቹን አንድ በአንድ መዘንኩ፤ የወጥ ቤቱ ባዶ ነበር፣ የመኖሪያውን ኃላፊ አፋጠጥኳት። ጣሪያ ላይ ያሉትን የጭስ ጠቋሚዎች በረጅም ዘንግ መፈተሻ ጭስ እየረጨሁ አስጮህኳቸው። የደረጃው በር ያለ ቁልፍ መከፈቱን አየሁ። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞርኩ። ደንቡ አጭር ነው። ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ደወሉ ከተደወለ በሦስት ደቂቃ ውስጥ፣ ማንም ሳይደግፈው ወርዶ ግቢው ውስጥ የቆመውን ቢጫ ምሰሶ መንካት አለበት። ያልቻለ ፎቅ ላይ አያድርም። ምድር ቤቱ ደግሞ ሞልቷል፤ ስለዚህ ያልቻለ ሰው ከከተማው ዳር ወዳለው፣ በአንድ ክፍል ስምንት ስምንት አልጋ ወደሚደረደርበት ቤት ይላካል። ሰዓቱን የምይዘው እኔ ነኝ፣ በስልኬ።

ወደ አማቴ ክፍል የወሰደችኝ አስታማሚዋ ናት። ወሩን ሙሉ ቁርሳቸውን እንደበሉ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ደረጃውን ሲለማመዱ ነበር፤ ሠላሳ ስምንቱንም፤ ጉልበታቸው አብጦ እንኳ አላረፉም አለችኝ። አማቴ እንደማያውቁኝ ሆነው ሰላም አሉኝ። ደነገጥኩ። አስታማሚዋ ወደሚቀጥለው ክፍል ስታልፍ እጅጌዬን ያዙ።

«ዘመዴ ናት ብዬ ለማንም አልተነፈስኩም፤ አትስጊ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ከታወቀ ፈቃድሽን እንደሚነጥቁሽ ልጄ ነግሮኛል። አንቺ ስትገቢ ሳይሽ እግዜርን አመሰገንኩት። ባዳ ቢሆን ይጨክንብኝ ነበር።»

እሺ እማማ፣ ደወሉን ሲሰሙ ይነሱ ብያቸው ወረድኩ።

ሰዎቹን አንድ በአንድ ነው የማስወርደው፤ እሳቸውን መጨረሻ ላይ አደረግኳቸው። ደወሉን አስደወልኩና ከምሰሶው አጠገብ ቆምኩ። ኃላፊዋ ከደረጃው ሥር ሆና ስም ዝርዝሯን ይዛለች። አማቴ ከበሩ ብቅ ሲሉ ጫማቸው አንድ እግር ብቻ ነበር፤ ሌላው ደረጃ ላይ ቀርቷል። መለስ ብለው አላዩትም። አፋቸውን ከፍተው፣ እጃቸውን ወደፊት ዘርግተው ግቢውን አቋረጡና ምሰሶውን በሁለት እጃቸው ያዙት። ስልኬ ሁለት ደቂቃ ከሃምሳ አንድ ይላል።

አውራ ጣቴ ማቆሚያው ላይ ነበር። አልተጫንኩም። ወደ ውጭ በር የሆነ ነገር ያየሁ መስዬ ዞር አልኩ። ያ ሁሉ ሳቅ፣ ያ ሁሉ «የልጄ ሚስት»፣ ያ ሁሉ ከረሜላ አንድ ላይ መጣብኝ። ተመልሼ ስጫነው ሦስት ደቂቃ ከአሥራ አራት ሆኗል።

ለኃላፊዋ ስልኩን አሳየኋት። ምስኪን፣ በአሥራ አራት ሰከንድ! አለፍ ማድረግ አይቻልም ወይ? አለችኝ። ደንብ ደንብ ነው፣ ስልክ ደግሞ አይዋሽም አልኳት። ደስ አለኝ፤ ምን አስዋሸኝ?

አማቴ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ያለከልካሉ። ኃላፊዋ ራቅ ስትል ጠጋ አልኩ፤ ልክ ልኬን የሚነግሩኝ መስሎኝ ነበር።

«አሳፈርኩሽ፣ ልጄ» አሉኝ። «የደረስኩ መስሎኝ ነበር። እግሬ ነው የከዳኝ።»

በሳምንቱ ወሰዷቸው። ባሌ ከመንገድ ደወለ፤ አሥራ አራቱን ሰከንድ ነገርኩት። ደንብ ከሆነማ ምን ይደረጋል አለ። ልጆቹ የመጀመሪያዎቹን ቀናት መስኮቱ ሥር እየቆሙ አንጋጠጡ። ከዚያ አንድ የማያውቁት ሽማግሌ ካልሲውን ያሰጣበት ጀመር፣ እነሱም በቀጥታ ወደ ቤት መግባት ጀመሩ። ወሬው ለእኔ የሚተርፍ መስሎኝ ነበር። አልተረፈም፤ ዛሬም ደህና ብለው ያልፉኛል።

በሦስተኛው ወር ከተማ ዳር ያለው ቤት ምርመራ ደረሰ። እሱም የእኔ ድልድል ነው። ቅጹ ላይ አሁንም «የለኝም» ብዬ ጻፍኩ። እዚያ ሠራተኛ ጥቂት ነው። ሽማግሌ ተነስቶ ቢወድቅ ጣጣው ብዙ ስለሆነ፣ የአልጋውን የጎን ብረት ቀን ከሌት ከፍ አድርገው ሁሉንም አስተኝተዋቸዋል። ሠላሳ ስምንት ደረጃ የወረደ እግር በሦስት ወር ክር ሆኗል። ነርሷ አማቴን በብብታቸው ይዛ ልታቆማቸው ሞከረች፤ አልቆሙም።

በእንዲህ ያለ ቤት የእኔ ሥራ በየአልጋው ራስጌ ባለ ቀለም ጨርቅ ማሰር ነው፣ እሳት ቢነሳ ማን በምን ተራ እንደሚወጣ ሠራተኛው በጨረፍታ እንዲያውቅ። ቀዩን ጨርቅ አወጣሁ። ያን ጊዜ አፈርኩ። እግራቸው ላይ ወድቄ ሁሉንም ብናገር ምንኛ በቀለለኝ፤ ግን ነርሷ አጠገቤ ቆማለች፣ እኔ ደግሞ በፊርማዬ ዘመድ የለኝም ብያለሁ። አማቴም ስሜን አልጠሩም፣ እንደማያውቁኝ ሆነው እጄን ብቻ ያያሉ። ፈቃዴን እየጠበቁልኝ ነው።

«ቀዩ ምንድን ነው?» አሉኝ።

አረንጓዴው በራሱ የሚወጣ፣ ቢጫው ተደግፎ የሚወጣ፣ ቀዩ ደግሞ ሌሎቹ ከወጡ በኋላ በሸክም የሚወጣ ነው አልኳቸው።

ከዚያ ብረቱን ይዘው ቀና ለማለት ሞከሩ።

«ይሄን ብረት ዝቅ እንዲያደርጉልኝ ንገሪልኝና ልለማመድ» አሉ። «በስንት ደቂቃ ነው መውጣት ያለብኝ?»

«ለቀይ ሰዓት አይያዝም» አልኳቸው፣ ቋጠሮውንም አጠበቅኩት።