የሮሆቦት ምጥን

ባሌ ፍቅሬ ጥሩ ሰው ነው፤ ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ቀጥሎ የማወራው እንዳያስገምተው ብዬ ነው። ታቦር ሰፈር ካለው ቤታችን ተቀምጦ ልብስ ይሰፋል። እኔ ደግሞ ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ልጃችን ሮሆቦት ስድስት ወር ሲሞላት የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ደውሎ፣ ሰኞ ካልገባሽ በቦታሽ ሌላ ሰው እንቀጥራለን አለኝ። ሥራዬን እወደዋለሁ። ፍቅሬም ቀን ቀን እኔ እይዛታለሁ ብሎኝ ነበር። ችግሩ ሮሆቦት ከጡት በቀር ምንም አልቀምስም ማለቷ ነው። የሱቁን ምግብ ሞከርን፤ ተፋችው። ድንች ቀቅለን አድቅቀን ሰጠናት፤ አፏን እንደ ቦርሳ ዚፕ ዘጋች። የማትበላ ልጅ ጥዬ ደግሞ የትም አልሄድም።

ስለዚህ የራሳችንን ምጥን ለማዘጋጀት ተነሣን። ገብሱን፣ ስንዴውን፣ አጃውንና ሽምብራውን ለቅሜ አመስኩ፤ ፍቅሬ ተሸክሞ ወፍጮ ቤት ወሰደው። ሲመለስ ደረቱን ነፍቶ ነበር። ሴቶቹ ሁሉ ተሰልፈው ሳለ አክብረው እንዳሳለፉት፣ ወረፋ እንኳን እንዳልጠበቀ ነገረኝ። እኔም ሞኟ ደስ አለኝ።

በማግሥቱ ገንፎውን ቀጠን አድርጌ ሠራሁ። ጨው የሌለው ነገር ምኑ ይቀመሳል ብዬ ሳልቀምስ ለፍቅሬ ሰጠሁት፤ እሱም በማንኪያ ጫፍ ከንፈሯን አስነካት። ሮሆቦት አንዴ አነጠሰች፤ ከዚያ ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸች። ብቀምሰው ምላሴን ለበለበኝ። በርበሬ ነው።

ፍቅሬን ቁጭ አድርጌ መረመርኩት። ለካ ያን ቀን አንዱ ወፍጮ ተበላሽቶ፣ በርበሬውም እህሉም በአንድ ወፍጮ ይፈጭ ኖሯል። በርበሬ እንደተፈጨ ደግሞ እህሏን ቀድማ የምታስገባ ሴት የለችም፤ ወፍጮው ውስጥ የቀረው ሁሉ ከእሷ ዱቄት ጋር ይወጣላ። ምን ይዘህ ነው ብለው ጠየቁት። የልጅ ምጥን ነው ማለት አፍሮ፣ ሽሮ ነው አላቸው። ሽሮን በርበሬ ቢነካው ምን ይሆናል? እለፍ አሉት፤ አከበሩኝ ብሎ አለፈ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእሱን ወለምታ የታመመችው ግን ልጄ ናት።

"የልጅህን ምግብ ማስፈጨት ምኑ ያሳፍራል?" አልኩት።

ልብስ ሰፊ ጓደኞቹ ከሰሙ ፍቅሬ ሞግዚት ሆነ ብለው እንደሚስቁበት ነገረኝ። ይሄን ስሰማ ደሜ ፈላ። እንግዲያው ሰኞ እቀራለሁ አልኩት፤ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እንባዬ መጣ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ስነቃ፣ ፍቅሬን ምድጃው ሥር ቁጭ ብሎ ገብስ ሲያምስ አገኘሁት።

ሮሆቦትን አዝዬ ወፍጮ ቤት ተከተልኩት። የተበላሸው ወፍጮ ገና አልተጠገነም፤ በርበሬ እየተፈጨ ሁላችንም እናስላለን። የሰፈራችን እትዬ ሙሉዬ በቆሎ ይዘው ከፊት ቆመዋል። ፍቅሬን ሲያዩት ዛሬም ሽሮ ከሆነ እንዲያልፍ ነገሩት።

ፍቅሬ ኬሻውን መሬት አስቀመጠ። ላብ ላብ አለው።

"ሽሮ አይደለም እትዬ" አለ፣ የወፍጮው ጩኸት እንዳይውጠው ድምፁን ከፍ አድርጎ። "የልጄ ምጥን ነው። ከሰኞ ጀምሮ የማበላት እኔ ነኝ።"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሳቁ በረድ ሲል እትዬ ሙሉዬ፣ ያን ቀን የፈጨኸውስ ብለው ጠየቁት። እሱም የእሷው እንደነበር ነገራቸው። እትዬ ሙሉዬ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፤ ከዚያ ጀርባዬ ላይ ያለችውን ልጅ አዩና በቆሏቸውን አነሡ።

"የእኔ ይቅደም" አሉ። "እኔ ቤት በርበሬ የሚፈራ ሰው የለም።"

ቀጥላ ሩዋይዳ የምትባለው ባለሱቅ ስንዴዋን አስገባች፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ያን ጊዜ ፊት ያሳለፉት ሰው አሁን በክብር መጨረሻ ሆነ። እሱም ዱቄት በዱቄት ሆኖ፣ አጃ ምን ያህል ይታመሳል በሚለው ከሴቶቹ ጋር ይከራከር ጀመር። እንደ አዲስ ወደድኩት።

እሑድ ከቸርች እንደተመለስን ገንፎውን ራሱ ሠራ። መጀመሪያ ራሱ ቀመሰ፣ ቀጥሎ ለእኔ አቀመሰኝ፣ ከዚያ ለእሷ ሰጣት። ሮሆቦት አፏ ውስጥ ይዛ ሁለታችንንም አየችን። ዋጠች። አፏን ደግማ ከፈተች። በደስታ ማንኪያውን ነጥቄ እኔም ላጉርሳት ብል፣ ፊቷን ወደ አባቷ አዞረች። ቀናሁ፤ እውነቴን ነው የምለው፣ ቀናሁ።

ሰኞ ጠዋት የሥራ ልብሴን ለበስኩ። እንዳታለቅስ ተደብቄ ልወጣ ነበር ሐሳቤ። መደበቅም አላስፈለገኝ፤ አፏን ከፍታ የአባቷን ማንኪያ ትጠብቃለች። ሄድኩ ብላት ዞር ብላም አላየችኝ። ባጃጅ ውስጥ ገብቼ እየሳቅኩ እንባዬን ስጠርግ፣ ሾፌሩ በመስታወቱ አይቶኝ ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ።

"ልጄ በላች" አልኩት።