የወለቴ ድርሻ

እኔ ካሰች ንዴት አላሳድርም፤ አፌ ላይ የመጣውን ተናግሬ እተኛለሁ። ባሌ ወልደገብርኤል ደግሞ ቃል ከአፉ አይወጣም። በጃንሆይ ዘመን ከእምድብር መጥተን ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ጨውና ላምባ የምንሸጥባት ሱቅ ስንከፍት፣ ገበያተኛውን በኦሮምኛ የማጫውተው እኔ ነበርኩ፣ የሚመዝነው እሱ። እንዲህ ተስማምተን ኖርን።

በክረምቱ ልጃችንን ወለቴን ኩፍኝ ወሰደብን። ሌላ ልጅ አልነበረንም። ለቅሶው ሲበተን ሱቁ ተከፈተ፣ ደንበኛውም ተመለሰ፣ የማታው ጸሎት ግን በዚያው ቀረ። እኛ ካቶሊኮች ማታ ማታ መቁጠሪያ እንደግማለን። አንዱ «ጸጋ የሞላሽ ማርያም ሆይ» ብሎ ግማሹን ይላል፤ ሌላው «ቅድስት ማርያም» ብሎ ቀሪውን ይመልሳል። ብቸኛ ሰው ሁለቱንም ቢል ማንም አይቆጣውም። እኔ ግን ያደግሁት ጎጆ ሙሉ ሰው እየመለሰልኝ ነው፤ ለራሴ መመለስ አይሆንልኝም።

ከገና በፊት ያለው ዘመነ ምጽአት በገባበት እሑድ ቄሳችን ሐምራዊ ልብስ ለብሰው ቀደሱ። ስብከታቸው አጭር ነበር። ጌታን ለመቀበል አዲስ ነገር አትፈልጉ፣ የጣላችሁትን ጸሎት አንሡ አሉን። ከወንዶቹ መካከል ወልደገብርኤልን ሰረቅ አድርጌ አየሁት፤ አንገቱን ደፍቶ ኮፍያውን ያሻል። እሺ፣ አልኩ በልቤ፣ ዛሬ ማታ ሳትመልስልኝ አታመልጠኝም።

በዚያ ወር የነቀምቴ ምሽት ጭስ ይሁን ጉም አይለይም። የሰፈሩ ማድቤት ሁሉ አንድ ላይ ሲጤስ ቤቶቹ ከመሬት ትንሽ ከፍ ያሉ ይመስላሉ፤ የሚያልፍ ሰው ድምፁ ይቀድማል፣ መልኩ ኋላ ይመጣል። ሱቁን ዘግተን ፋኖሱን ዝቅ አደረግሁና ተንበረከክሁ። እሱም ከጎኔ ተንበረከከ። ግማሹን አልኩና ዝም አልኩ። መልስ የለም። ጠበቅሁት፣ ጠበቅሁት፣ ወደሚቀጥለው የመቁጠሪያ ፍሬ አለፍኩ፤ እንደገና ግማሹን አልኩ፣ እንደገና ጠበቅሁ። እንዲህ ስል ሰመመን ወሰደኝ። በዝምታው ውስጥ እንቅልፍ የተጫነው ቀጭን ድምፅ ሲመልስልኝ የሰማሁ መሰለኝ። ዘወር ስል ከባሌና ከፋኖሱ በቀር ማንም የለም። ደስ አለኝ፣ ፈራሁም።

በማግስቱም፣ ከዚያ ወዲያም እንደዚያው ሆነ። መሸ ሲል ያቺን ዝምታ መናፈቅ ጀመርኩ። እግሬ መሬት የረገጠ አይመስለኝም፤ ፍሬዎቹ በጣቶቼ መካከል ያልፋሉ፣ ጉሙ በበሩ ስንጥቅ ይገባል፣ ያ ድምፅ አንዴ ይመጣል አንዴ ይጠፋል። ሲነጋ ግን ንዴቴ ይመለሳል። ይኼ ሰው እግዚአብሔርን ትቷል፣ ነገ ደግሞ እኔን ይተዋል እያልኩ ጨው ስሰፍር እደፋለሁ። አብረን ካልጸለይን አብሮ መኖሩም እንደማይዘልቅ ታውቆኝ ነበር። የገና በዓል ሳይደርስ እናቴ ቤት እምድብር ልግባ ብዬ ልብሴን ጠቅልዬ ከአልጋው ሥር አስቀመጥኩ።

ከኛ ጋር በአንድ ግድግዳ የምትኖር ድርቤ የምትባል የወንጌላውያን አማኝ አለች። አንድ ጠዋት ላምባ ልትገዛ መጥታ «አካም ቡልቴ፣ ኦቦሌቲ ኮ» አለችኝ፤ እንዴት አደርሽ እህቴ ማለቷ ነው። ጠርሙሷን እስክሞላላት፣ ጸሎቴን ለምን ከመካከሉ እንደማቆም ጠየቀችኝ። ከግድግዳው ወዲያ ተኝታ መጨረሻውን ስትጠብቅ እንቅልፏ እንደሚሸሽ ነገረችኝ። ይኼኔ ነው የሆዴን የዘረገፍኩት። መመለሱ የባሌ ሥራ መሆኑን፣ እንቢ ማለቱን፣ ድንጋይ መሆኑን፣ ሁሉንም ነገርኳት። ድርቤ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ድሮስ ማን ነበር የሚመልስላችሁ?»

«ወለቴ» አልኳት።

በቤታችን ደንብ አባትና እናት እየተቀባበሉ ያስጀምራሉ፣ ልጅ ይመልሳል። ወልደገብርኤል ዕድሜውን ሙሉ አስጀማሪ ነበር። እኔ ደግሞ ከዚያ እሑድ ወዲህ በየማታው በሟች ልጁ ፈንታ አንበርክኬው «አሁንም በምንሞትበትም ሰዓት ለምኚልን» የሚለውን እንዲልልኝ እጠብቃለሁ። ያንን ቃል ከሷ አፍ ሲሰማ ስንት ዓመቱ ነው!

እሱ ያን ቀን ኡኬ ገበያ ውሎ አመሻሹ ላይ ጉሙን ለብሶ ገባ። እግሩን አጠብኩት፣ እራት አቀረብኩ፣ አንዲት ክፉ ቃል አልተናገርኩም፤ አሟት ይሆን ብሎ ሳይጠረጥር አልቀረም። ከራት በኋላ መቁጠሪያውን መዳፉ ላይ አኖርኩለት።

«የወለቴ አባት» አልኩት። ከቀብሩ ወዲህ በዚህ ስም ጠርቼው አላውቅም። «አንተ አስጀምር። የሷን እኔ እላለሁ።»

እሱም ጉሮሮውን ጠርጎ፣ በሻከረ ድምፅ፣ ግማሹን አለ። እኔ ልጄ ትንበረከክበት ወደነበረው ወደ አልጋው እግር ጠጋ ብዬ መለስኩ። እንባ እንዳይቀድመኝ ቃሉን እየዋጥኩ፣ የሞት ሰዓት የሚለው ላይ ስደርስማ ሮጥኩበት።

ወልደገብርኤል የሚቀጥለውን ፍሬ እንደያዘ ቆመ።

«ቀስ በዪ» አለኝ። «እመቤታችን የትም አትሄድም።»

ወለቴ እንቅልፏ መጥቶ ጸሎቱን ስታጣድፍ በዚሁ ቃል ነበር የሚቆጣት። እኔ አለቀስኩ፤ እሱም ፊቱን ሳያዞር አለቀሰ። ከዚያ እንደገና አስጀመረ፣ እኔም ቀስ ብዬ መለስኩለት።