ትከሻ በጋርባ መሀል

መጀመሪያ የተሰማው ጭብጨባ ነው። ማቲያስ መኪናውን ከአዳራሹ ጀርባ ፓርክ አድርጎ ሞተሩን ሲያጠፋ፣ ከግድግዳው ወዲያ ብዙ ሰው ሦስቴ አጨበጨበ፤ ዝም አለ፤ እንደገና ሦስቴ አጨበጨበ። ማቲያስ በመኪናው መስታወት ፀጉሩን እያስተካከለ ፈገግ አለ። ጭብጨባ ካለ የሚጨበጨብለት አለ፤ መሀል የገባ አንድ ሰው አለ ማለት ነው። ማን እንደሆነ አላወቀም፤ ግን ከአሁኑ አዘነለት።

ማቲያስ ቀን ቀን ሃውቶርን በሚባል ሰፈር ፋብሪካ ውስጥ የአውሮፕላን ብሎን ያሽጋል። ይህን ግን ማንም አያነሳበትም። ሐበሻው በሚበዛበት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ የሚታወቀው በትከሻው ነው። በዚሁ አዳራሽ፣ በዚሁ ወለል ላይ፣ አሥራ አንድ ሠርግ ጨፍሯል፤ ከሙሽሮቹ ጋር ትውውቅ የነበረው በአራቱ ነው። ዘፈኑ ሞቅ ሲል ሰው ይከበዋል፣ እሱ መሀል ይገባል፣ ትከሻው ከአንገቱ ተገንጥሎ የራሱን ኑሮ መኖር ይጀምራል። ከዚያ አንድ ጋሼ ወይም አንዲት እትዬ ከሰው መሀል ብቅ ብለው ግንባሩ ላይ ብር ይለጥፉለታል። አንድ ጊዜ እሱ ሲጨፍር ሙሽራዋ ኬኩን ስትቆርስ የሚያያት ጠፍቶ ነበር ይባላል። እንዲህ የሚለው ማቲያስ ነው።

ዛሬ ግን የመጣው ለማዕዶት ነው። ማዕዶት ፋርማሲ ትሠራለች፤ የሥራ ጓደኛዋ ሄታል የምትባል ህንዳዊት፣ የጉጅራት ልጅ ናት። ጉጅራቶቹ ናቭራትሪ የሚሉት፣ ለእናት አምላካቸው ዘጠኝ ቀን የሚጨፍሩበት በዓል አላቸው። ጭፈራው ጋርባ ይባላል። ዘንድሮ ማኅበራቸው ይህንኑ የእኛን የሠርግ አዳራሽ ተከራየ። ማዕዶት ከሄታል ጋር ሦስት ሳምንት ስትለማመድ ከርማለች። ማቲያስ ለአራተኛ ጊዜ «አጎትሽ ጋ ሽማግሌ ልላክ?» ሲላት፣ እንደ ሌላው ጊዜ ዝም አላለችም።

«ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ና። ሁለት ሰዓት አብረኸኝ ትዞራለህ። ከዛ ላክ አትላክ እነግርሃለሁ።»

«መዞር ብቻ?»

«መዞር ብቻ። እንደ ሰው።»

«ቸርች ምን ይላል?» አለ፣ ለወጉ ያህል።

«እኔ ጓደኛዬ ቤት ደስታ ስላለ ነው የምሄደው። አንተ ከፈራህ ቅር።»

ማቲያስ አልፈራም። አዲስ ሸሚዝ ገዛ።

በሩ ላይ፣ ከትልቅ የጫማ ክምር አጠገብ፣ የአዳራሹን ቁልፍ የሚይዙት ጋሼ ተፈሪ ተቀምጠዋል።

«ጫማህን አውልቅ» አሉት።

«ጋሼ፣ ማነው መሀል ያለው?»

«የምን መሀል?»

«የሚጨበጨብለት።»

ጋሼ ተፈሪ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ማንም የለም። የሚዞሩት ራሳቸው ናቸው የሚያጨበጭቡት። መሀል ያለችው ጠረጴዛ ናት፤ የአምላካቸው ሥዕልና መብራት ያለበት ማሰሮ። አራት ቀን ሙሉ አየኋቸው፤ ሽማግሌው ይዞራል፣ ዶክተሩ ይዞራል፣ ወደ ጠረጴዛዋ የሚጠጋ የለም። ዛሬ ደግሞ የማንም ሠርግ አይደለም፣ ማቲያስ። ተግባባን?»

«ኧረ ጋሼ፣ አይቅኑብኝ» አለ ካልሲውን እያወለቀ።

ውስጥ መቶ የሚሆን ሰው በባዶ እግሩ ይዞራል። ሴቶቹ ትንንሽ መስታወት የተሰፋበት ሰፊ ቀሚስ ለብሰዋል። ማቲያስ በየቀሚሱ ላይ ራሱን ተቆራርጦ አየው፤ ተቆራርጦም አላስጠላውም። ማዕዶት ሄታል ያዋሰቻትን ቀሚስ ለብሳ ከክቡ ወጥታ መጣች።

«አረፈድክ።»

«ትራፊክ።»

«ኦኬ፣ ግባ። ሁለት ወደፊት፣ አንድ ወደኋላ፣ ዞር፣ ሦስት ጭብጨባ። ከጠፋብህ ከፊትህ ያሉትን ተከተል።»

ከፊቱ ያሉት የሄታል አያት ነበሩ። ሰማንያን የተሻገሩ፣ ቁመታቸው እስከ ማቲያስ ክርን የሚደርስ አሮጊት ናቸው። ሲዞሩ እግራቸው ወለሉን የሚነካ አይመስልም። የማቲያስ ግን ይነካል፤ ወለሉንም የእሳቸውንም እግር። ጭብጨባው ከሁሉም በኋላ ብቻውን ይደርሳል፣ አውቶቡስ እንዳመለጠው ሰው። ግማሽ ሰዓት እንዲህ ዞረ። አዲሱ ሸሚዝ ጀርባው ላይ ተለጠፈ። ይህን ሁሉ ይችለው ነበር። ያልቻለው ማንም አለማየቱን ነው። የሚስቅበት እንኳ ጠፋ።

ከኋላው ማዕዶት ጠጋ ብላ «ጎበዝ፣ እየያዝክ ነው» አለችው። ከልቧ ነበር። በአራቱም የሽማግሌ ጥያቄ አይቶት የማያውቀው ፈገግታ ፊቷ ላይ ነበር፤ ትንሽ ዞር ቢል ያየው ነበር። እሱ ግን ያንን ቃል እያላመጠ ነው። አሥራ አንድ ሠርግ ያሞቀ ሰው፣ እየያዝክ ነው። እሱ ጭፈራ ሊማር።

ከበሮው ፈጠነ። ክቡም ፈጠነ። ማቲያስ ወደ መሀል አየ። ያ ሁሉ ወለል ማንም ሳይረግጠው፣ ያ ሁሉ ጭብጨባ ለማሰሮ። ባለቤት የሌለው ቦታ መሰለው። ጋሼ ተፈሪ የነገሩትን አልረሳም፤ ግን እሳቸው ትከሻ የላቸውም።

ገባ።

እስክስታውን ከዝግታ ጀመረ፣ ከዚያ አንገቱን ጨመረ፣ ከዚያ ጠረጴዛዋ ፊት በጉልበቱ ወርዶ ትከሻውን እንደ ወንፊት አራገፈው። ዓይኑን ጨፈነ። በዚህ ሰዓት ሰው ዙሪያውን ከቦ ከላዩ ይቆማል፤ ሁልጊዜ እንዲያ ነው። ሲገልጠው ክቡ እንደ ቅድሙ ይዞራል፤ ሁለት ወደፊት፣ አንድ ወደኋላ። አንድ ሰውዬ ሊቀርጸው በትሕትና ስልኩን አነሳ፣ አይቶት መልሶ ኪሱ ከተተው።

በማሰሮው ውስጥ ያለችው እሳት ከትከሻው ንፋስ የተነሳ ተርገበገበች። የሄታል አያት ይህን አዩ። ከክቡ ወጥተው፣ መዳፋቸውን እሳቷን ለመከለል ዘርግተው መጡ።

ማቲያስ ያየው አንዲት እትዬ እጃቸውን ዘርግተው ሲመጡ ነው። ወጉን ያውቃል። አንገቱን ወደኋላ ቀለበሰ፣ ዓይኑን ከደነ፣ ላብ ያጠመቀውን ግንባሩን ሰጣቸው።

አሮጊቷ ቆሙ። በእሳቸው ቤት አምላክ ፊት ተንበርክኮ ግንባሩን የሚሰጥ ሰው የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ቡራኬ። ከጠረጴዛዋ ሳህን ላይ ቀይ ዱቄት በአውራ ጣታቸው ነክተው፣ ከቅንድቦቹ መሀል አጥብቀው ቀቡት። ቀጥሎ ክንዱን ይዘው ወደ ክቡ እንዲመለስ አመለከቱት።

ማቲያስ መሸለሙን አወቀ። ሁለት እጁን አንስቶ ወደ ክቡ ዞረ፣ ማዕዶትን ፍለጋ። ሄታል አለፈች። ከእሷ ቀጥሎ የማዕዶት ክፍት ቦታ አለፈ። ሌላ ሴት ገብታ ሞላችው።

ማዕዶት በሩ ጋ ናት። ከጫማ ክምሩ ውስጥ የራሷን እየፈለገች ነበር። ማቲያስ ሁለት ሰው ገጭቶ ክቡን አቋረጠ።

«ማዕዶት፣ ሁለት ሰዓቱ አልሞላም እኮ።»

አንዱን ጫማ አገኘች፤ አደረገችው።

«አየሽ አይደል? ራሳቸው አያትየዋ መጥተው ነው የሸለሙኝ። እኔ ይምጡ አላልኳቸው።»

ቀና ብላ ግንባሩን አየችው። ልትጠርግለት ይመስል እጇን ትንሽ አነሳች፤ ከዚያ በዚያው እጅ ሁለተኛውን ጫማ አነሳች።

«እሺ፣ እዞራለሁ። አሁኑኑ። አንቺ ቅደሚ፣ እኔ ከኋላሽ እዞራለሁ።»

ማሰሪያውን ቆለፈች። ሄታል ከሩቅ ምን ሆንሽ በሚል ዓይን አየቻት፤ ማዕዶት በእጇ ነገ በሚል ምልክት መለሰችላት። ጋሼ ተፈሪ ወለሉን ማየት ጀመሩ።

«ሽማግሌውስ?» አለ ማቲያስ።

ማዕዶት ቦርሳዋን ያዘች። «ጋሼ፣ ደህና ይዋሉ» አለች። በሩን ገፋችውና ወጣች።