የደራርቱ ሻሽ

ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ገብቶ ጎበዝ ሹሩባ ሠሪ ማን ናት ብሎ የጠየቀን ሰው፣ ጥያቄውን ሳይጨርስ ደራርቱ ቤት ያደርሱታል። የእጇ ፍጥነት የታወቀ ነው፤ ይበልጥ የታወቀው ግን የአፏ ቁጥብነት ነው። ሹሩባ ሠሪ የደንበኛዋ ባል እንኳ ልብ ያላለውን ታያለች፤ ያየችውን ደግሞ ለባለፀጉሯም ቢሆን አትናገርም። እናቷ ሙያውን ስታስተምራት መጀመሪያ የነገረቻት ይህንኑ ነበር፤ ፀጉሩ ከሣሣ በጎን ከፍለሽ ሸፍኚ፣ ከዚያ "እንዴት ያምራል" በይ።

ታዲያ የራሷ ፀጉር መሃል ለመሃል ሲሣሣ ማን ይሸፍንላት? መጀመሪያ ፀጉሯን የሚከፍለው መስመር ሰፋ። ቀጥሎ ፀሐይ ላይ ስትቆም የራስ ቆዳዋ ይታይ ጀመር። ቅቤ ቀባች፤ የጉሎ ዘይት ቀባች፤ ጉቶ ጊዳ ገጠር ያለች አክስቷ የላከችላትን ቅጠል ሳይቀር ቀጥቅጣ ቀባች። በኋላ ሆድ ይፍጀው ብላ ሻሽ አሰረች። ለጠየቃት ሁሉ "አቧራው ነው" ትላለች። በሐምሌ ዝናብ፣ ነቀምቴ ላይ፣ አቧራ! ሰው ግን አመናት፤ ወይም ያመነ መሰለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ራሷን ማንም አልነካውም፤ ልጇ ኬኔም ጭምር።

ኬኔ ልታገባ አንድ ወር ሲቀራት ነገሩ መውጫ አጣ። ሹሩባ ሠሪ በገዛ ልጇ ሰርግ ሻሽ አስራ ብትቆም አገር ምን ይላል? ደራርቱ ለማንም ሳትናገር ቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄደች።

ሐኪሟ ወጣት ናት። አናቷን በመብራት እያየች ስለ እናቷም ስለ አክስቶቿም ጠየቀቻት፤ ደም አስመረመረቻት። የደም ማነስም የእንቅርትም ችግር አልተገኘም።

"ላሽ አይደለም፣ እርግማንም አይደለም" አለቻት። "በዘር የሚመጣ፣ ከዕድሜ ጋር ቀስ እያለ የሚሣሣ ነው። ብዙ ሴቶች አለባቸው፤ ስለሚሸፍኑት ነው የማይታየው።"

የሚቀባ መድኃኒት አዘዘችላት። በየቀኑ ነው፤ ለውጡ ወራት ይፈልጋል፤ መጀመሪያ ላይ መርገፉ ቢብስ እንዳትደነግጥ፤ ካቆመችው የተረፈውም ይሄዳል። የጠበቀ ሹሩባ ደግሞ ይቅር።

"እንደ ድሮው ይሆናል ብዬ አልዋሽሽም" አለች ሐኪሟ። "ያለውን ለማቆየት እንሞክራለን። ቀደም ብለሽ ብትመጪ ኖሮ የሚተርፈው ይበዛ ነበር።"

ደራርቱ ስትመለስ ባጃጅ ውስጥ አለቀሰች። ለራሷ ፀጉር እንዳይመስላችሁ። ትዝ ያሏት መምህርት ምንትዋብ ናቸው።

ምንትዋብ ከጎጃም የመጡ ቤተሰቦች ልጅ፣ የደራርቱ የመጀመሪያ ደንበኛ ናቸው። አናታቸው መሣሣት ከጀመረ አሥር ዓመት ሆነው። ደራርቱ በየሁለት ሳምንቱ እያየች፣ በየሁለት ሳምንቱ በጎን ከፍላና አጥብቃ ሸፈነችው። "ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ" እያሉ ተማሪ የሚመክሩት እኚሁ ሴት ናቸው፤ የገዛ ራሳቸው ሲደርቅ የነገራቸው የለም።

ቅዳሜ መጡ።

"አካም ቡልተን፣ አዴ? እንዴት አደሩ?" አለች ደራርቱ።

"ነጋ፣ ነጋ፤ ደህና ነኝ። ለኬኔ ሰርግ ነውና ዛሬ ጠበቅ አድርገሽ ሥሪኝ።"

በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ደራርቱ ሚዶውን አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው። ብትናገር እሳቸውን ብቻ አይደለም የምታጣው፤ ነገ ደንበኛው ሁሉ "ይህች ሴት አናታችንን ታያለች" ብሎ ይሸሻታል። ዝም ብትል ደግሞ ሌላ አሥር ዓመት ነው። ዞራ ፊታቸው ተንበረከከችና ሻሿን ፈታች።

"እርስዎም እንደኔው ነዎት፣ አዴ። ስንት ዓመት እያየሁ ዝም አልኩ። አጥብቄ እየሠራሁም አባባስኩት።" ሐኪሟ ያለቻትን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረቻቸው።

ምንትዋብ መሃል አናታቸውን በጣታቸው ዳሰሱ።

"መስታወት ፊት ስቆም፣ ዓይኔ ነው የደከመው እል ነበር" አሉ በመጨረሻ። "ችግር ቢኖር ኖሮ ደራርቱ ትነግረኝ ነበር እል ነበር።"

ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። ደራርቱ አንገቷን ደፋች።

ነጠላቸውን አንስተው ወደ በሩ ሄዱ፤ እዚያ ቆሙ።

"ለሰርጉ አንቺን ማን ይሠራሻል?"

"ማንም።"

ተመለሱና በደራርቱ ወንበር ላይ ተቀመጡ። በርጩማውን በእግራቸው ወደ እሷ ገፉት።

"ተቀይሜሻለሁ" አሉ። "ቁጭ በይ።"

ሠላሳ ዓመት ጠመኔ የያዘ እጅ ሹሩባ ከየት ያውቃል? በሰርጉ ዕለት ደራርቱ ያለ ሻሽ ቆመች፤ ሹሩባዋ የላላ፣ መስመሩ የተንሻፈፈ፣ መሃሉ ላይ ቆዳዋ በግልጽ የሚታይ። እንግዶቹ ተያዩ። ከደንበኞቿ አንዷ ሊሊሴ ጠጋ ብላ "ማን ነው እንዲህ የሠራሽ?" አለቻት በሹክሹክታ።

ደራርቱ ዳሱ ጥግ ወደ ተቀመጡት መምህርት ጠቆመች። ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ነበር፤ ራሳቸውን የሸፈነ ምንም አልነበረም።

"ሰኞ አብረን ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን" አለች። ከዚያ የሊሊሴን አናት አየት አደረገች። እናቷ ትማራት፣ ዝም ማለት አልቻለችም።

"አንቺም ብትመጪ ጥሩ ነው፣ ሊሊሴ።"