ዜናው የዘገየበት ምክንያት

በ1912 እ.ኤ.አ. ለጁን 19 የነጻነት በዓል ንግግር እንዳዘጋጅ የተመደብኩት እኔ ነበርኩ። በቴክሳስ፣ በብራዞስ ወንዝ ዳር ባለችው መንደራችን ያለሁት መምህርት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ማንም ትችያለሽ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። ፓስተሩ እሁድ ቀን ስሜን አስነገሩ፣ አለቀ።

ቁጭ ብዬ ስጽፍ አንድ ነገር ከነከነኝ። ፕሬዚዳንቱ ባሮች ነጻ ናቸው ብሎ ያወጀው በ1863 መባቻ ነው። በእርስ በርስ ጦርነቱ ያሸነፉት የሰሜን ወታደሮች እዚሁ ቴክሳስ፣ ጋልቨስተን ወደብ ገብተው የነጻነታችንን አዋጅ ያነበቡት ግን በ1865፣ ጁን 19 ቀን። ሁለት ዓመት ተኩል! ዜናው እስከዚያ የት ከረመ?

መጀመሪያ የሄድኩት የበዓሉን ሥጋ ወደሚጠብሱት ጋሽ ሉሸስ ነው። የእሳቱን ጉድጓድ እየቆፈሩ ነበር።

“መልእክተኛው በበቅሎ ነዋ የመጣው!” አሉኝ። “በቅሎዋ ደግሞ ልክ እንደ ሚስቴ ናት፤ ካልፈለገች ንቅንቅ አትልም።”

“አንተን ተሸክማ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬም አትደርስ!” አሉ ሚስታቸው ከወዲያ።

ፓስተሩ በበኩላቸው መልእክተኛው መንገድ ላይ ተገድሏል አሉ። ማን ገደለው ስላቸው ግን አያውቁም።

የቀሩት እትዬ ማሃላ ነበሩ። የሰው ልብስ እያጠቡ የሚኖሩ፣ በበዓሉ ላይ አንድም ቀን ታይተው የማያውቁ ሴት ናቸው። ሰው ኩራተኛ ይላቸዋል። ልብስ ሲቀቅሉ አገኘኋቸው።

“እትዬ፣ ዜናው ለምን ዘገየ?”

“ማነው ዘገየ ያለሽ?”

ደነገጥኩ። እሳቸው በእንጨት ማማሰላቸውን አላቆሙም።

“አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ጌቶቹ ሲበሉ ዝንብ የማባርረው እኔ ነኝ። ጌትየው የፕሬዚዳንቱን አዋጅ ጋዜጣ ላይ አንብቦ ጠረጴዛውን በቡጢ ነረተው። ‘እስቲ ቴክሳስ ድረስ መጥቶ ነጻ ያውጣቸው!’ አለ። በነጋታው ውሃ ልትቀዳ የመጣች ሁሉ ሰማች።”

“ታዲያ ለምን አልሄዳችሁም?”

አሁን ቀና ብለው አዩኝ። “ወንድሜ ሲላስ ሄደ። ነጻ ነኝ ብሎ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በትልቁ በር። በሦስተኛው ቀን በጋሪ አምጥተው ግቢው መሀል ጣሉት። ሞቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁላችንም ያልሰማን መሰልን። እናንተ በየዓመቱ ‘ዜና መጣ’ ትላላችሁ። የመጣው ዜና አይደለም፣ ልጄ። ጠመንጃ የያዘ ወታደር ነው የመጣልን።”

“ልጻፈው?”

“ምን ያደርጋል? እኔው ራሴ እናገረዋለሁ።”

በበዓሉ ቀን መጡ። በስታርች የደረቀ ነጭ ቀሚስ ለብሰው መድረኩ ላይ ወጡና የነገሩኝን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ተናገሩ። ሲጨርሱ ሕፃናቱ እንኳ የበዓሉን ቀይ ሶዳ መጠጣት አቁመው ነበር። ጋሽ ሉሸስ ቆባቸውን አውልቀው ተነሱ።

“እኛም ጋ ታውቆ ነበር” አሉ። “እናቴ በጆሮዬ ነግራኝ፣ ወዲያው አፌን በእጇ ያዘችው።”

ሌላም ሰው ተነሳ። ከዚያ ሌላ። እኔ የጻፍኩት ንግግር ሳይነበብ ቀረ፤ ጀርባው ላይ ግን ስም መመዝገብ ጀመርኩ፣ ሰምተው የሄዱ፣ ሄደውም ያልተመለሱ ሰዎችን ስም።

አሁን በዓላችን የሚከፈተው የእነሱን ስም በመጥራት ነው። ሲላስ መጀመሪያ ይጠራል። እስካሁን አሥራ አራት ስም አግኝቻለሁ፤ በወንዙ ማዶ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ሁለት እንደሚያውቁ ሰምቼ፣ ቅዳሜ ልጠይቃቸው እሄዳለሁ።