የቀኝ እግሩ ታኬታ

ያቺ የልጅቷ የእግር አውራ ጣት ዛሬ ደግማ ብትረገጥስ፣ ማን ሊደርስላት ነው? እማማ መርፌ ከንጋት ጀምሮ ይህችን ጥያቄ ያመላልሳሉ። መልስ ሲያጡ የስፌት መኪናቸውን ይረግጣሉ፤ ክሩ ይበጠሳል፣ ይቀጥላሉ፣ ደግሞ ይበጠሳል። ሰፈሩ መርፌ ብሎ የሰየማቸው በሙያቸው እንጂ በምላሳቸው እንዳልሆነ ይምላሉ። ልጃቸው ግን በሁለቱም ነው ባይ ነው።

የልጅ ልጃቸው ፌንጣ ኮሌጅ በገባችበት ዓመት በእግር ኳስ ቡድኑ የተቀያሪዎች ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው የከረመችው። ያኔ እማማ የሰላም እንቅልፍ ይተኙ ነበር፤ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አይሰበርም። በሁለተኛው ዓመት አሰልጣኟ ፍጥነቷን አይታ ከተከላካይነት አጥቂ አደረገቻት፤ የእማማም እንቅልፍ በዚያው ሄደ። ልጅቷ ኳስ ስታገኝ እንደ ስሟ ነች፤ እዚህ ናት ሲሏት ግብ ጠባቂዋ ፊት ናት። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረባት፤ ግራ እግሯ ለመቆሚያ ካልሆነ ለምንም አይረባም። ተጋጣሚዎቿ ሲነቁባት "ቀኟን ዝጉ፣ ሌላ የላትም" መባባል ጀመሩ።

አንዷ ደግሞ መዝጋት ሲያቅታት የቀኝ አውራ ጣቷን ረገጠቻት። ሐኪሙ ብትቆሚበት ግድ የለም፣ እስኪድን ኳስ እንዳትመቺበት ብቻ አላት። እማማ ፌንጣን ያውቋታል። በዚያው ቀን የቀኝ እግሩን ታኬታ አንስተው ከቁርጥራጭ ጨርቅ ከረጢታቸው ሥር ቀበሩት። የግራውን ግን ምን ያደርግላታል ብለው ናቁት።

በማግስቱ ከጓሮ ዱብ ዱብ የሚል ድምፅ ሰሙ። ወጥተው ቢያዩ፣ ልጅት በግራ እግሯ ታኬታ፣ በቀኟ ነጠላ ጫማ አጥልቃ ኳሷን ከግድግዳው ጋር ታጋጫለች። ያ የማይረባ እግር መጀመሪያ ኳሷን የጎረቤት ጣሪያ ላይ ነበር የሚሰቅላት። ውሎ ሲያድር ግን ኳሷ ግድግዳው ላይ አንድ ቦታ ብቻ ትመታ ጀመር፤ እዚያች ቦታ ላይ ልስኑ ረግፎ ጡቡ ወጣ። እማማ ስለ ልስኑ ጮኹ። ስለ ጫማው ትንፍሽ አላሉም፤ እሷም አልጠየቀቻቸውም።

ጣቷ ሲድን ጫማው ከየት መጣ ሳይባል አልጋዋ ሥር ተገኘ፤ የኮሌጆች ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜም ደረሰ። እማማ ጨዋታ አይተው አያውቁም፤ ልቤ አይችልም ይላሉ። ወሬውን ያመጣላቸው አውቶቡስ ነጂው ልጃቸው፣ የፌንጣ አጎት ነው። እሱ ደግሞ ቁጭ ብሎ ማውራት አይሆንለትም። የሶፋውን ትራሶች ተከላካይ አድርጎ ወለሉ ላይ ደረደረ። ሁሉም ወደ ቀኟ እንዴት እንደተንጋጉ፣ እሷ በቀኟ ልትመታ መስላ እንዴት እንዳታለለቻቸው በዳሌው ጭምር አሳየ፤ ከዚያ አንዱን ትራስ በግራው ጠልዞ የእማማን የመቀስ ሳጥን ገለበጠው።

"በግራ እኮ ነው እማዬ፣" አለ እያለከለከ። "በዚያ በድን እግር።"

እማማ መቀሶቻቸውን እየለቀሙ ሳቃቸውን በሻርፓቸው ሸፈኑ።

ዛሬ የዋንጫው ጨዋታ ነው፤ የትልቅ ክለብ ተጫዋች መራጮችም ሊያይዋት ይመጣሉ። እማማም ገና ሳይነጋጋ ተነስተው የቀኙን ታኬታ ደግመው ቀብረውታል።

አጎትየው ደጅ ላይ መኪናውን አስነስቶ ጥሩምባ ይነፋል። ፌንጣ ማልያዋን ለብሳ፣ በግራዋ ታኬታ፣ በቀኟ ያንኑ ነጠላ ጫማ አድርጋ ከክፍሏ ወጣች። አላኮረፈችም፣ ከረጢቱንም አልነካችም።

"እንዲህ ሆነሽ ልትሄጂ?" አሉ እማማ።

"ምን ላድርግ? ግራዬን ያሰለጠንሽልኝ አንቺ ነሽ። ቀኜን ከከለከልሽኝ በእሱው እሞክራለሁ።"

"ቢረግጡሽስ?"

"ይረግጡኝ ይሆናል፣ እማማ። ካልገባሁ ግን የሚያየኝ የለም።"

እማማ ከስፌት መኪናቸው ተነሱ። እጃቸውን ከረጢቱ ውስጥ ሰደው ታኬታውን አወጡት። ብጥስጣሽ ክር ተጣብቆበታል፤ አንድ በአንድ ለቀሙለት። ፌንጣ እየሳቀች እጇን ዘረጋች፤ እሳቸው ግን አልሰጧትም። ጫማውን ብብታቸው ሥር ወሸቁ፣ ሻርፓቸውን ደረቡ፣ ያንን የማይችል ልባቸውን ይዘው ከቤት ወጡ፤ በቀጥታ ወደ መኪናው የፊት ወንበር።